ነጂዋ እኔ ነበርኩ

ሃል፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለጂልያን፣

እናንተ ዘንድ ካልጋሪ በረዶ ጣለ ሲሉ በቴሌቪዥን ሰማሁ። ያንን ወፍራም ካፖርትሽን ሳትደርቢ እንዳትወጪ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። አባትሽም በአካሉ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ያፏጫል፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይላል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር መጥቶ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ደግሞም ይህን ነገር በአፌ ልናገረው አልቻልኩም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ፌብሩዋሪ መንጃ ፈቃዱን እንደመለሰ ታውቂያለሽ። ሐኪሟ «ሚስተር አፕልያርድ፣ ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጡ» ስትለው፣ አርባ ዓመት የዓሣ መኪና የነዳ ሰው ስቅስቅ ብሎ ነው ያለቀሰው። መኪናዋን እኔ እንድነዳት አስቀረናት፤ ቁልፉን ደብቄዋለሁ ብዬሽም ነበር። ደብቄው ነበር። አገኘው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በር ከፍቶ እጁን እያፋተገ ገባ። «ጂልን ከዋና ላመጣት ሄጄ ነበር፣ ወጥታለች አሉኝ» አለኝ። ከዋና የሚያመጣሽ ልጅ ሳለሽ ነበር። ወርጄ ሳይ ብርማዋ መኪናችን በማቆሚያ ቦታችን በሠላሳ አንድ ቁጥር የለችም፤ በሩ አጠገብ ሰባት ቁጥር ላይ ቆማለች። ሰባት ቁጥር ሃያ ሁለት ዓመት የኛ ነበር፤ አምና አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች የፓርኪንግ ድርጅት ቀጥረው ቁጥሩን ሁሉ ቀባብተው እስኪያዘበራርቁት ድረስ። የአባትሽ ጭንቅላት የሚያውቀው የድሮውን ነው። መስታወቱ ላይ ያቺ የፓርኪንግ ድርጅቱ የቅጣት ቢጫ ፖስታ ተለጥፋለች። የግራው የፊት መብራትም ተሰብሯል።

«የመኪናዋን ዓይን ማን ሰበረው?» አለኝ ተከትሎኝ ወርዶ። የቆሻሻ መጣያውን ግንብ የነካ መሰለኝ፤ ከዚህ በፊትም ነክቶታል። ስለ መብራቱ ያን ያህል አላሰብኩም። ያቃጠለኝ ፖስታው ነው።

ምድር ቤት ያለውን ናዲም ሚርዛን ታስታውሺዋለሽ፤ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው። የግቢውን ሰው ቢጫ ፖስታ ሁሉ የሚከራከረው እሱ ነው።

«ሚስስ አፕልያርድ፣ ለድርጅቱ የተቃውሞ ደብዳቤ ሲጽፉ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አለኝ። «‹አቆምኩ› የምትል ቃል ከእጅዎ እንዳትወጣ። ‹መኪናው ቆሞ ነበር› ይበሉ። የመኪናው ባለቤት ነኝ ይበሉ። ነጂው ማን እንደነበር የመንገር ግዴታ የለብዎትም። ነጂውን ካላወቁት ማንን ያስከፍላሉ?»

«እንደዚያ ከጻፍኩማ የምደብቀው ነገር ያለኝ ሊመስል ነው!»

«ይምሰላ! ሰው እያስደነገጡ የሚበሉ እነሱ ናቸው። እርስዎ ዝም ብቻ ይበሉ።»

ለእሱ ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ነጂውን ባዶ ብተወው ማን ነው ብለው የሚጠይቁ መሰለኝ፤ ከጠየቁ ደግሞ አባትሽ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ኢንሹራንስ መንዳቱ ሊታወቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ነጂዋ እኔ ነበርኩ። ራሴ ነድቼ ራሴ በስህተት አቆምኩ።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እልኬ አልበርድ ብሎኝ ደግሞ «ያነሳችሁትን ፎቶ በሙሉ ላኩልኝ» የሚል ጨመርኩና ረቡዕ ጠዋት በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። እንዴት ያለች ሞኝ ነኝ።

ሐሙስ ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ ሰማሁ። ትምህርት ቤት ምሳ ታድልሽ የነበረችውን ኦድሪ ትራንመርን፣ ተጨማሪ ፑዲንግ የምትደብቅልሽን፣ ማክሰኞ ዕለት ከዋና ገንዳው ፊት ለፊት ዜብራ ላይ መኪና ገጭቷት አምልጧል። ብርማ መኪና ነው አሉ። እስከ ዛሬ ዓይኗን አልገለጠችም። ከዋና ገንዳው ፊት ለፊት ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ጂል። ሰምቼ ስለ ፀጉሬ ማውራት ቀጠልኩ። ሁለቱን ነገር ላለማገናኘት አንድ ወር ሙሉ ታገልኩ።

ትናንት መልሱ መጣ። ሚስተር ሚርዛ ፖስታውን ሲያይ ከእኔ ብሶ ደስ አለው፤ ሚስቱ የጋገረችውን ኬክ ይዞ ወጣ። «ብለውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት! አሸንፈዋል!» እያለ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ነጂዋ ራሳቸው መሆናቸውን በቅንነት ስላመኑ ክፍያው ተሰርዟል ይላል። ፎቶዎቹም እንደጠየቁት ተልከዋል፤ ኮፒው በድርጅቱ ዘንድ ይቆያል ይላል።

ከዚያ ፎቶዎቹን አገላበጠ። ከቀኑ አስር ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ የሚል ሰዓት ታትሞባቸዋል። አንዱን ከቅርብ ነው ያነሱት። በተሰበረው መብራት ስንጥቅ ውስጥ ሰማያዊ የሱፍ ክር ተንጠልጥሏል፤ ከነቁራጩ፣ ከሹራብ ላይ የተቀደደ። ኦድሪ የምትለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ ማንም ያውቀዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ናቸው የሠሩላት። ያን ቀን ወርጄ ሳይ ክሩ አልነበረም። ለካ እኔ ከመውረዴ በፊት አባትሽ መኪናዋን አጽድቶ ነበር።

ሚስተር ሚርዛ የያዘውን ቁራሽ ኬክ አስቀመጠ። «ማክሰኞ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ፎቶዎቹን ወደ ፖስታው መልሶ፣ «እኔ መነጽሬን አልያዝኩም፣ ሚስስ አፕልያርድ» ብሎኝ ወረደ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፖሊሶች ግቢያችን ገብተዋል። በየቤቱ እያንኳኩ ስለ ብርማ መኪናዎች ይጠይቃሉ። አንደኛውንና ሁለተኛውን ሕንፃ ጨርሰዋል። የኛ ነገ ነው።

አስቤ ጨርሻለሁና እንዳትከራከሪኝ። አባትሽን ቢወስዱት ለምን እንደወሰዱት አያውቅም፤ በየጠዋቱ እንደ አዲስ ይደነግጣል። እኔ ግን አውቃለሁ። ለኦድሪም ቢሆን በደረሰባት ነገር የሚጠየቀው የሆነውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሲያንኳኩ ነጂዋ እኔ ነበርኩ ያልኩበትን የደብዳቤዬን ቅጂ ከድርጅቱ መልስ ጋር አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ፤ ፊርማዬ አለበት፣ ድርጅቱም አምኖኛል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እሱም ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ያን ማክሰኞ፣ በአንቺ ሰዓት ጠዋት፣ በቤቱ ስልክ ደውለሽልኝ እስከ አስር ሰዓት ድረስ አውርተናል፤ ኦድሪ ስትገጭ እኔ ቤት እንደነበርኩ የሚያሳየው ይህ ብቻ ነው። «አባባስ?» ስትዪኝ «ተኝቷል» አልኩሽ። የተኛ መስሎኝ ነበር። ማንም ይጠይቅሽ ማን፣ ያን ቀን አልተነጋገርንም። ሌላ ቀን ነው፣ ተሳስቶብሽ ነው። ውሸት እንዳትናገሪ አድርጌ እንዳሳደግኩሽ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ፖሊሶች እንዳይደውሉልሽ እጸልያለሁ።

እግዚአብሔር አንቺንም ልጆችሽንም በጤና ያቆያችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውዪ እኔ ባላነሳ አባትሽን ስለ እኔ አትጠይቂው፤ ስለ አየሩ አውሪው።

አሁን ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ለማን ነው የምትጽፊው እያለኝ ነው። ለጂል አልኩት። ሰላም በያት ብሏል።

የምትወድሽ እናትሽ
ዶሪን