በንጉሡ ስም

ውድ አባቴ፣

ነገ ጠዋት መቃብርህን ሊከፍቱ ይመጣሉ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ግድቡ አልቋል፤ ውሃው ከበቆሎ ማሳችን ግርጌ ደርሷል። ሙታንም እንደ እኛው ተጭነው ወደ አዲሱ ሰፈር ይወሰዳሉ ተብሏል።

"መሬቱ የንጉሡ ነው፤ እሳቸው ካልፈቀዱ አንዲት ድንጋይ አትነሳም" ትል ነበር። ራዲዮኑ ስማቸውን በጠራ ቁጥር ባርኔጣህን አውልቀህ ትቆማለህ፤ ጉልበትህ ከከዳህ በኋላ እንኳ እኔን ተደግፈህ። እናቴ "ተቀመጥ እንጂ ሰውዬ፣ ከዋና ከተማው ከማሴሩ ሆነው አያዩህም!" ስትልህ፣ "አንቺ እያየሽኝ አይደል?" ብለህ ታስቃት ነበር።

ከመሬታችን አታስነሱን ብለን አቤት ልንል ማሴሩ የሄድን ዕለት አዲሱን ብርድ ልብስህን ደርበህ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ትሁት ሰው ነው፤ እንደ አባቱ "ንታቴ" ብሎ እየጠራህ ወንበር ስቦ አስቀመጠህ።

"ንታቴ፣ አቤቱታዎ ይደርሳል። ግን ንጉሡ የሚፈርሙት ሚኒስትሮቹ ይፈረም ያሉትን ነው። ሕገ መንግሥቱ እንደዚያ ይላል።"

"እምቢ ቢሉስ?" አልከው።

"እምቢ አይሉም።"

"ቢያዝኑስ?"

"ቢያዝኑም ይፈርማሉ።"

"እነዚህን ሚኒስትሮች ማን አመጣብን?"

"የሚሾሟቸው ንጉሡ ናቸው፤ የመረጣችኋቸው ግን እናንተ ናችሁ፣ ንታቴ።"

"እኔ የመረጥኩት ሰውዬማ መንገድ አሠራለሁ ነበር ያለኝ!"

መንገዱንስ አሠራ፤ የግድቡ መኪኖች የመጡት በእሱ ነው።

በመመለሻችን አውቶቡሱ ውስጥ ትቆጣለህ ብዬ ስጠብቅ፣ "ምስኪን!" አልክ። "እኛስ ለእሳቸው አቤት አልን። እሳቸው ለማን አቤት ይላሉ?" በዚያው ዓመት፣ የተራራው በረዶ ሳይቀልጥ ሞትክ። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ፤ እኔ ግን አላመንኩትም።

እንዳንተ ለንጉሡ ማዘን አልቻልኩም። ሚኒስቴሩን ስንጠይቅ የንጉሡ ትእዛዝ ነው ይሉናል፤ ቤተ መንግሥቱን ስንጠይቅ የሚኒስትሮቹ ምክር ነው ይሉናል። የምጠላው ሰው እንኳ አጣሁ፣ አባቴ። ደከመኝ።

ትእዛዙን ትናንት አነበቡልን። "በግርማዊ ንጉሡ ስም" ብሎ ይጀምራል። ነገም ከመቆፈራቸው በፊት መቃብርህ ላይ ያነቡታል። ስማቸው ሲጠራ ለመቆም አትቸገር። እነሱው ያነሱሃል።

እስከ ነገ አጠገብህ ነኝ፤
ልጅህ ፑሌንግ