ሁለት ጣት ከፍ ያለው ደረጃ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ለድንቢጥ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? ወገብህስ? የቀሩት ሦስት ጥርሶችህ ተስማምተው ይኖራሉ ወይስ እነሱም ተጣሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ሲደክም ጆሮዬ ብቻውን እንዳይቀር ብሎ አብሮት ደከመ። ልጆቹ እንደምታውቀው በየፊናቸው ናቸው። የልጅ ልጆቼ ደውለው «አያቴ፣ ቀልድ ንገረን» ይሉኛል፤ ሳልጨርሰው ስልኩ ይዘጋል። የቀረውን ለግድግዳው እነግረዋለሁ፤ ግድግዳ ደግሞ አይስቅም።

አሁን ወሬ ልንገርህ። ሆቴላችንን ሊያድሱት ነው። «ሆቴላችን» ስል እንዳትስቅ፤ አንድ ሌሊት እንኳ አላደርንበትም፣ ግን ከምድር ቤቱ በላይ ያለውን ድንጋይ እኛ ነን የደረደርነው። ምድር ቤቱ ከእኛ በፊት የቆዳ መጋዘን ነበር፤ ቅስቶቹ ዝቅ ያሉት፣ ግድግዳው ክንድ ተኩል የሚወፍረው ለዚያ ነው። እኛ ሁለት ፎቅ ደረብንበት፤ በረንዳው በእንጨት፣ ደረጃው በጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ያ ባለቀለም መስታወት። ከዚያ ወዲህ ሆቴል ሆነ፣ ቢሮ ሆነ፣ እንደገና ሆቴል ሆነ፣ በመጨረሻ የእርግብ ቤት ሆኖ ቀረ። ከመስኮቴ ትይዩ ስለሆነ ከእርግቦቹ ጋር እየተያየን እናረጃለን።

ሥራውን የምትመራው ኢንጂነር የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ናት። «አባባ፣ ከግንበኞቹ በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ» ብላ መጣች። «ሌላም አለ፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ሞት ሳያየው እያለፈ ነው» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ደረጃውን ስትለካ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመች። ታውቀዋለህ፣ ከሌሎቹ ሁለት ጣት ከፍ ያለውን። ስንት እንግዳ ከነሻንጣው ተደፍቶበታል። ከተማው እስከ ዛሬ «የድንቢጥ ደረጃ» ነው የሚለው። በእሱ ምክንያት ፎርማኑ በሠራተኛ ሁሉ ፊት አባረረህ፤ ሳምንት ሳይሞላ አገር ለቀህ ሄድክ። ከሁላችንም የተሻልክ ግንበኛ ነበርክ፤ ድንጋይ ዳግመኛ ሳትነካ ጨው ቸርቻሪ ሆነህ ቀረህ።

ልጅቱ ከደረጃው ጎን ያረጀውን ልስን ስታስፍቅ ሲባጎ የሚወጠርበት ምስማር የተመታበት ሁለት ቀዳዳ ታየ፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ። «አባባ፣ ይህን ድንጋይ ያስቀመጠው ሰውዬ አልተሳሳተም፤ የተወጠረለትን ሲባጎ ነው የተከተለው። የተሳሳተው ሲባጎውን የወጠረው ነው። ማን ነበር?» አለችኝ።

ሠራተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ደረጃ ሲነሳ ቀልድ ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ጠፋኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ወንድሜ፣ እኔ ነኝ። ምስማሩን ስመታ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር፤ ያቺ ኋላ ሚስቴ የሆነችው እያለፈች ነበር። በማግስቱ ሳየው ሲሚንቶው ደርቋል፤ ምስማሩን ነቅዬ በልኩ መታሁትና ዝም አልኩ። ፎርማኑ ሲሰድብህ አንተ እጅህን ታይ ነበር፣ የከዳህ መስሎህ። እኔ ከሌሎቹ ጋር ሳቅኩ። ለሚስቴ ነግሬያት ነበር፤ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት «ጻፍለት» ስትለኝ ኖረች። ይኸው ሦስት ዓመት የሚነዘንዘኝ የለም።

እጅህ አልከዳህም። የከዳህ ወንድምህ ነው።

ልጅቱ «ይስተካከል ወይስ ይተው?» ብላ ጠይቃኝ «ባለቤቱን ልጠይቅ» ብያታለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቃለች። ልትሰድበኝም ከፈለግህ አትቆጥብ፤ ዝም ብቻ አትበለኝ። ስድብህን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ በዚህ ቤት የሰው ድምፅ ይሰማ።

አንተን ችላ ለኖረችው ለባለቤትህ፣ ለትልቋ ልጅህ፣ ለማይናገረው አማችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መንትዮቹን የልጅ ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝና፣ «አያታችሁ ጎበዝ ግንበኛ እንደነበር ታላቅ ወንድሙ መሰከረ» በላቸው።

ታላቅ ወንድምህ
ከሆቴሉ ማዶ፣ ከክፍሌ
ኅዳር 12 ቀን