አባዬ የሰሙት ትምህርት

ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ሽንፋ

አባዬ ዛሬ ጠዋት ሰሊጥ በጫነ መኪና ወደ ጎንደር ተመለሱ። ወባ እንደያዘኝ ሰምተው ሊጠይቁኝ ከደምቢያ ድረስ መጥተው ነበር። ሳምንት እቆያለሁ ብለው ሁለት ቀን ብቻ አደሩ።

ትናንት ተሽሎኝ ሳስተምር ከክፍሉ ውጭ ጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። ግድግዳው የማሽላ አገዳ ስለሆነ ሁሉንም ሰምተዋል። ትምህርቱ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ነበር። የባለሱቁ የሐጂ ልጅ ዘሃራ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ግን ፈጣሪ አለ ይላሉ?» አለችኝ። የቀበሌው ካድሬ ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጣል። «መጽሐፉ ላይ ያለውን ጻፉ» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸውና ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ዛሬ መኪናው ጋ ስሸኛቸው ነው የተናገሩት።

«ያስተማርከውን አልጠላሁትም። ልጆቹ ይወቁት። ግን ፈጣሪ ፈጠረን የሚለውንም አብረህ ብትነግራቸው ምን ነበረ?»

«ያስሩኛል አባዬ።»

«እሱስ ይገባኛል።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ለልጅቱ ያልመለስክላት ፈርተህ ነው፣ ወይስ እምነቱ ከውስጥህ ጠፍቶ?»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ክንዳቸውን ደግፌ ጋቢና አስገባኋቸው። ፈርቼ ነው ብላቸው ትንሽ ቀሏቸው ይሄዱ ነበር። ግን መፍራት ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ሆነኝ፤ ከፍርሃቱ ሥር ምን እንደቀረ እኔም አላውቅም።