እግርን ከፔዳሉ ማንሳት

ጥቅምት 12
ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ። የሦስተኛው ዚፕ ቀርቷል። ቃሪያዬ የምላት ልጄ ቅነሳ ተሳስታ ደብተሯን ቀደደችው። በዚህ ወር ሦስተኛ ደብተሯ ነው። አስተማሪዋ አስጠርታኝ ነበር። ትናንት ቃሪያዬ የወረወረችው እርሳስ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ዓይን ለጥቂት ነው የሳተው። “አንድ ጊዜ ብትደግመው ከክፍሌ ትወጣለች” አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ! ወዴት ልትሄድብኝ ነው?

ጥቅምት 13
“ተረጋጊ!” ብዬ ጮህኩባት። እየጮኹ ተረጋጊ... ለእህቴ በስልክ ብነግራት በሳቅ ሞተች። “አንቺ ደግሞ መቼ ተረጋግተሽ ታውቂያለሽ?” ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ጥቅምት 15
የስፌት መኪናው ክር ተወሳስቦ መርፌ ሰበረብኝ። መቀሱን ወረወርኩት። ቀና ስል ቃሪያዬ በሩ ላይ ቆማለች። ምንም አልደነገጠችም። ለምዳዋለቻ! ከማን ተማረችው እያልኩ ስብሰለሰል... ከእኔው ነው ለካ። በጣም አፈርኩ።

ጥቅምት 16
የአንዲት ነርስ ደንበኛዬን ጋዋን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ደሜ ፈላ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። “መጀመሪያ እግርሽን ከፔዳሉ አንሺ፣ ልጄ። ሌላው ይደርሳል።” ቃሪያዬን ጠራኋት።
“እማ ተናዳለች። አየሽ? አሁን እግሬን አነሳለሁ።”
እስኪበርድልኝ ቁጭ አልን። ከዚያ ስፌቱን አብረን ተረተርነው። ክሩን እሷ ለቀመችው።
“ጨርቁ እኮ አልተቀደደም!” አለች፣ ገርሟት።

ጥቅምት 19
የቤት ሥራ። ከአሥራ ሦስት ሰባት ሲቀነስ... ተሳሳተች። ቀኝ እግሯን አነሳች። ጎሽ ልል ስል ወረቀቱን ሸርከት አደረገችው! እግሯን እንዳነሳች! ሳቄን ዋጥኩት። ይሁን፣ ነገም እንሞክራለን። ከነገ ወዲያም። ልጄ ከክፍል አትወጣም፣ አበቃ።

ጥቅምት 24
መብራት ጠፋ፣ ሥራዬ እንደተጋደመ ቀረ። አፌን ልከፍት ስል፣ “እማ፣ እግርሽ!” እሺ እመቤቴ። አነሳሁ።

ጥቅምት 27
ስምንት ቀን ሙሉ ደብተር አልተቀደደም። እርሳስ ግን ነክሳ ሰበረች። እሱን ቆይተን እናየዋለን።

ኅዳር 3
አስተማሪዋ እንደገና አስጠራችኝ። ጨርቁን ከነመርፌው ጥዬ ሮጥኩ።
“ምን አደረገች?”
“ፈተና ላይ ተሳሳተች። ልትወረውር ነው ብዬ ሮጬ ሄድኩ። አንድ እግሯን አንስታ ቁጭ ብላለች። ሽንትሽ መጣ እንዴ ብላት፣ ‘አይ ቲቸር፣ ተናድጄ ነው። አሁን ይበርድልኛል’ አለችኝ። ከዚያ ላጲስ ለመነችኝ።”
“ታዲያ... ትወጣለች?”
“ኧረ የት ሄዳ! ሌሎቹንም ታስተምርልኝ።”
እዚያው እንባዬ መጣ፣ በሰው ፊት። የፈተና ወረቀቷን ይዤ መጣሁ። በላጲስ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። መልሱ አሁንም ልክ አይደለም፣ ነገ አብረን እንሠራዋለን። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በስፒል ሰቀልኩት። አንድም ቦታ አልተቀደደም።