የጓሮው ጣሪያ ለማን ይሁን

እኔ የዚህ ቤት ባለቤት፣ የሟቹ ጣሪያ ሠሪ ሚስት፣ ዛሬ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጉልበቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በጎረቤቶቼ ፊት ይህን የመጨረሻ ቃሌን ለሚጽፍልኝ ጸሐፊ እሰጣለሁ። ከዚህ በፊት የተናገርኩት ካለ በዚህ ተሽሯል። አእምሮዬን የሚጠራጠር ቢኖር ከምስክሮቼ አንዱን፣ ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ይጠይቅ፤ ገና ሲገባ ጫማውን እንዲጠርግ አዝዤዋለሁ።

ወራሾቼ ሁለቱ ልጆቼ ናቸው። ወንዱ የአባቱን ሙያ ይዞ የሸክላ ጣሪያ ይሠራል፤ ሴቷ ሶላር ትገጥማለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ግን ሁለቱንም እኩል እወዳቸዋለሁ። አሁንም በዚሁ ክፍል አንዱ በበሩ፣ አንዷ በመስኮቱ በኩል ጀርባ ተሰጣጥተው ቆመዋል። ካለፈው ክረምት ወዲህ አይነጋገሩም።

የጠባቸው ምክንያት ጣሪያው ነው። ቤታችን በቅርስነት የተመዘገበ ነው። የቅርስ ጥበቃው ሰው መጥቶ፣ በመንገድ በኩል ያለው ጣሪያ ፈጽሞ እንዳይነካ፣ በጓሮ በኩል ግን የሸክላውን ቀለምና ቅርጽ የያዘ ሶላር እንዲገጠም፣ የሚነሳውም ሸክላ ሳይሰበር እንዲቀመጥ ፈቅዶ ሄደ። ልጄ ቸኮለች፤ ችኮላዋን ከእኔ ነው የወሰደችው። ለሙከራ ብላ በጓሮው ጣሪያ ላይ የሚያብረቀርቅ የሶላር ሰሌዳ ሰቀለች። ነጸብራቁ በፀጉር አስተካካዩ መስኮት ገብቶ ዓይኑን ሲያጥበረብረው የደንበኛው ግማሽ ሪዝ በአንድ ምላጭ ሄደ። ወንድሟ "የአባቴን ጣሪያ የመስታወት ቤት አደረግሽው!" ብሎ ወጥቶ ነቀለው። እሷም "አንተ ሸክላ እንጂ እህት የለህም!" አለችው። በኋላ ከሸክላው የማይለይ፣ የማያብረቀርቅ አሠርታ ብታመጣም፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሞቱ አይደለም። እንዲህ እንደተኳረፉ ከሄድኩ ቤቱን ሸጠው ይለያያሉ፤ እህትና ወንድም መሆናቸውም በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ድርሻቸውን እንደሚከተለው ለይቻለሁ።

አልጋዬንና ብርድ ልብሶቼን በሕመሜ ላልተለየችኝ ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ሰጥቻለሁ። ለፀጉር አስተካካዩ የባለቤቴን ሰፊ ባርኔጣ ለዓይኑ ካሳ ላወርሰው ነበር፤ ጸሐፊው "ምስክር ከኑዛዜ አይጠቀምም" ስላለኝ፣ ሳልሞት አሁኑኑ ይውሰደው።

ቤቱ ከነግቢው ለሁለቱ ልጆቼ የጋራ ነው። የጓሮው ጣሪያ ሸክላ በሙሉ ግን የሴት ልጄ ነው። በዚያው ጣሪያ ላይ የሚገጠመው ሶላር፣ ከሚሰጠው መብራት ጋር፣ የወንድ ልጄ ነው።

ጸሐፊ፣ አልተሳሳትኩም፤ እንዳልኩህ ጻፍ። ወንድ ልጄ "እማዬ፣ እኔ ሶላር ምን አደርግበታለሁ?" ብሏል፤ ይህም ይጻፍ። "እህትህን ጠይቃት" ብዬዋለሁ። ሴት ልጄ "ሸክላ አነሳስ የት አውቄ!" ብላለች። እሷንም "ወንድምሽ ያውቃል" ብያታለሁ። ሸክላውን ለእሱ ብሰጠው እላዩ ላይ ተቀምጦ ያረጃል። ሶላሩን ለእሷ ብሰጣት ደግሞ ሬሳዬ ሳይወጣ ጣሪያ ላይ ናት።

ልጄ ሆይ፣ አባትህን የምታውቀው ካረጀ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን አምፖል ሽቦ ለማስገባት ይህንኑ ጣሪያ በገዛ እጁ ከፍቶታል። አያትህ "ቤቱን ገደልከው" ብላ ሙሉ ቀን አኮረፈች፤ ሲመሽ ግን አምፖሉ ሥር ቁጭ ብላ ስትሰፋ አገኘናት። አባትህ ወንበሯን ወደ ብርሃኑ አስጠጋላት። ያን ሰው ነው የወደድኩት።

በመጨረሻም መሰላሉን ለሁለታችሁም ሳይከፈል ሰጥቻለሁ። ባለቤቴ በወጣ ቁጥር ከሥር የምይዝለት እኔ ነበርኩ። እሱ ላይ ሆኖ ያዜማል፣ እኔ ታች ሆኜ እሰድበዋለሁ፤ ትዳራችን እንዲህ ነበር። ከእንግዲህ መያዝ አልችልም። አንዳችሁ ስትወጡ አንዳችሁ ያዙ።

ጸሐፊው ቃሌን አንብቦ እንደጨረሰ ወንድ ልጄ ከበሩ ዞሮ እህቱን እንዲህ ብሏታል፦ "የመሰላሉ አንድ እግር አጭር ነው። ነገ ብቻሽን እንዳትወጪ፤ ጥሪኝ።" እሷም "እሺ፣ ወንድምዬ" ብላዋለች። ሁሉም ምስክሮች ሰምተዋል።

ይህ ቃል በፊታችን ሲነገርና ሲነበብ ሰምተን ፈርመናል፦
ፀጉር አስተካካዩ (ፊርማ)
ጡረተኛዋ አዋላጅ (ፊርማ)
ዳቦ ጋጋሪው (ፊርማ)
የጥግ ቤቱ ሰዓት ሠሪ (ፊርማ)

የተናዛዧ ፊርማ ተንቀጥቅጧል። ከሕመም ሳይሆን ከደስታ መሆኑ ይጻፍልኝ ስላለች ተጽፏል።