ግማሽ ነጥብ

ጥቅምት 9
የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት መጣ። ማዳመጥ አለፈ፣ ማንበብ አለፈ፣ መናገርም። ጽሑፍ ግን ስድስት ተኩል። ባሌ ባለበት አገር ነርሶችን የሚቀጥሩት ሆስፒታሎች የሚፈልጉት ሰባት። አሁንም በግማሽ ነጥብ!

ባሌ ከዚያ ደወለ። «አይዞሽ፣ ደግመሽ ትወስጃለሽ» አለ።

አማቴ ከሳሎን ሆነው፣ «ወደቅሽ እንዴ?»
«አልወደቅኩም እማማ፣ ትንሽ ጎደለኝ።»
«ያው ነው» አሉ።

ያው ነው... እውነታቸውን ነው።

ጥቅምት 14
ባሌ ልጅ ሳለ ሲያጠናበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ነው የምለማመደው። ጉልበቴ ከሥር አይገባም፤ በጎን ተጣምሜ ነው የምጽፈው። ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ...
«አንቺ፣ ጋዙን አጥፍተሽዋል?»
አጥፍቻለሁ።
«አንቺ፣ ይሄ ክኒን ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»
በኋላ። ትናንትም በኋላ ነበር። እሳቸውም ያውቁታል።

ከሆስፒታል ወጥቼ ወደዚህ፣ ከዚህ ወጥቼ ወደ ሆስፒታል። ሁለቱም ጋ የሚጠራኝ ሰው አለ።

ጥቅምት 22
ልምምዴን በስልክ የሚያርምልኝ መምህር መለሰልኝ። ቻርት፣ ማለት የቁጥር ሥዕል፣ አይቼ የጻፍኩት በቀይ እርማት ተሞልቷል። «ቻርቱ ላይ ያለውን ቁጥር በሙሉ ገልብጠሻል። ዋናው ነገር የታለ? ደግሞ ሰዎች አውቶብስ የተዉት መኪና ስለገዙ ነው ብለሻል። ቻርቱ እንደዚያ ብሏል?»

አላለም። ከሆዴ ነው ያመጣሁት።

ሌላ ደግሞ ከላይ እስከ ታች «ጨመረ፣ ጨመረ፣ ጨመረ»። ሌላ ቃል የማላውቅ ይመስል።

ኅዳር 3
የማላውቃቸው አገሮች ሰዎች በቀን ስንት ሊትር ውሃ እንደሚጠቀሙ አውቃለሁ። ባሌ ማታ ምን እንደሚበላ አላውቅም።

ኅዳር 11
ጠዋት ለተረኛዋ ሳስረክብ አልጋ አራት ላይ ስላለው ሰውዬ ጀመርኩ። ትኩሳቱ በዚህ ሰዓት ሠላሳ ስምንት፣ በዚህ ሰዓት ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል፣ ከዚያ... የክፍሉ ኃላፊ በእጇ አስቆመችኝ።
«ሲስተር፣ ቁጥሩ ካርዱ ላይ አለ፣ ማንበብ አያቅተኝም። ሰውየው ተሻለው ወይስ ባሰበት?»
«ትኩሳቱ ሌሊት ወጥቶ ነበር፣ ሲነጋ ወረደ። በጠቅላላው እየተሻለው ነው።»
«በቃ! ይህቺን አስቀድመሽ በይልኝ፣ ከዚያ ቁጥሩን ታመጪዋለሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። መምህሩ በቀይ ሲለፋ የከረመው ይሄንን አይደል እንዴ? ስንት ዓመት የሰው ትኩሳት ሳነብ ኖሬ...

ኅዳር 13
ሞከርኩት። መጀመሪያ ዋናው ነገር፦ የትኛው ወጣ፣ የትኛው ወረደ፣ የትኛው ባለበት ቆመ። ከዚያ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ። ቁጥር ለትልቁ፣ ለትንሹና ለተገለባበጡበት ቦታ ብቻ። የቀረውን መተው አንጀቴን በላው፤ የታመመ ሰው ጥዬ የሄድኩ መሰለኝ።

መምህሩ፣ «አሁን ገና ገባሽ» ብሎ ጻፈ።

ኅዳር 27
ዛሬ በሩን ዘጋሁ። ወዲያው ከፈቱት።
«በገዛ ቤቴ በር ይዘጋብኝ ጀመር?»
«እማማ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይተዉኝ! እባክዎ!»
ጮህኩባቸው። እንዲህ ጮሄባቸው አላውቅም።
የበሩን እጀታ ያዙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እሱም እንዲህ በሩን ዘግቶ አጥንቶ ነው የሄደው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ምን ይጻፋል? እንጀራ ሆኖብኝ እንጂ እኔስ... ተነስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 15
ተፈተንኩ። ቻርቱ ላይ ሁለት መስመሮች፣ መሃል ላይ የሚተላለፉ። ዋናውን አስቀድሜ ጻፍኩ። «ለምን?» የሚለው እጄን ሲበላኝ ነበር፤ አልጻፍኩትም።

ታኅሣሥ 28
ሰባት! ጽሑፍ ሰባት!

አማቴ ቀድመው ሰሙ።
«ከስንት ነው ሰባት?»
«ከዘጠኝ።»
«ሁለቱንስ ማን ወሰደው?»
ሳቅን። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜ ሆነን?

ባሌ ጋ ደወልኩ፣ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቼ። እሱም፣ «እንኳን ደስ አለሽ... ግን አሁን አትቸኩዪ። ቤቱን ከሰው ጋር ነው የምጋራው።»
«ከማን ጋር?»
«ከ... ሰው ጋር።»
አማቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁት። «ከማን ጋር ነው ብላሃለች እኮ!»
«ኔትዎርኩ አስቸገረ» አለና ተቋረጠ።

ጥር 2
ነገረኝ። በጽሑፍ። ከሌላ ሴት ጋር ነው የሚኖረው፤ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እኔ ግማሽ ነጥብ ስለቃቅም...

ጥር 3
አማቴ ቀኑን ሙሉ አልጠሩኝም። አንድም ጊዜ። ክኒናቸውን ራሳቸው ዋጡ።

ጥር 10
ወላጆቼ ቤት ልመለስ አሰብኩ። ሻንጣ ላወርድ ስል አማቴ፣ «ወዴት ነው?» አሉ። ነገርኳቸው።
«ሰባት ያመጣሽው እዚያ ልትቀመጪ ነው?»
«የት ልሂድ ታዲያ እማማ?»
«እኔ ምን አውቄ? ሌላ ሆስፒታል የለም? ዓለም የእሱ ናት?»
ልጃቸው እኮ ነው።

የካቲት 18
አንድ ሆስፒታል ተቀበለኝ። የእሱ ከተማ አይደለም፤ አገሩም ሌላ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ፣ «እዚህ የሚቀበልሽ ቤተሰብ አለ?» አሉኝ። «የለም» አልኩ። ቀጥ ብሎ ወጣልኝ።

ለአማቴ ስነግራቸው መሬት መሬት አዩ። እኔስ እሄዳለሁ። እሳቸውን ለማን ትቼ?

የካቲት 26
አማቴ በስልክ ፊትሽን እያየሁ የማወራበትን አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው። አረንጓዴዋን ምልክት እንዲነኩ፣ ስልኩን ከጆሮ ራቅ እንዲያደርጉ።
«ለማን ልሞክረው?»
«ለእኔ ነዋ።»

አጠገቤ እንደተቀመጡ ደወሉ። አነሳሁ። ግማሽ ፊታቸውና ጣሪያው ታየኝ።
«ሃሎ? ደረስሽ?»
«ገና ነኝ እማማ፣ እዚሁ ነኝ።»
«አውቃለሁ» አሉ። አውቃለሁ አሉና አልዘጉትም። እኔም አልዘጋሁትም።