ስለ ካካዎ ማድረቂያና ሦስት ጊዜ ስለተቀበረችው አክስቴ

ለተከበሩ የሩብ ዓመቱን የአገር አቀፍ የብድር መግለጫ ለሚያዘጋጁት ዋና ሹም
አፒያ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና አንድም ቀን ተበላሽቶ ለማያውቀው የቢሮዎ ማቀዝቀዣ መልካም ጤና እመኛለሁ። እኔ በሳቫይኢ ደሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ መግለጫዎን መርከቧ ባመጣችው ቁጥር ከሽፋን እስከ ሽፋን የማነብ፣ ምናልባትም በደሴቲቱ ያለሁ ብቸኛ አንባቢዎ ነኝ። ባለፈው እትም ገጽ አራት ላይ ለግል ጉዳይ የተሰጠው ብድር በአሥራ ሁለት በመቶ ማደጉን፣ ለእርሻ የተሰጠው ግን ከጠቅላላው ብድር ከመቶው አንድ ብቻ መሆኑን ገልጸው፣ የግሉ ዕድገት «ቤተሰቦች በነገው ቀን ላይ ያላቸውን እምነት ያሳያል» ስላሉ፣ ይህንን እምነታችንን ከቅርብ ላሳይዎ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አንደኛ፤ ባንኩ ለእርሻ የማያበድርበትን ምክንያት በሚገባ እረዳለሁ። መሬታችን የዘመድ አዝማድ ሁሉ ስለሆነ ለዋስትና አይያዝም፤ ባንክም ሊሸጠው የማይችለውን ነገር እንዲወድ አይገደድም። ለቀብር ግን ደመወዝተኛ ልጅ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይበደራል። ሐዘንተኛን ማስረጃ አምጣ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና፣ ባንኩ ይህን ባህላችንን ስላከበረልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ስለዚህም መንደራችን ጀልባ ሲያስፈልገው ሰው ይሞታል፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲያረጅም ሰው ይሞታል። ጎረቤቶቼ የነገሩኝን ብደምረው፣ አራት መቶ ነፍስ የማንሞላ ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ አራት መቶ ስድሳ ቀብረናል። አክስቴ ሲዬኒ ብቻዋን ሦስት ጊዜ ተቀብራለች። ደህና ናት፤ ሰላም ብላዎታለች፤ ስሜን ካላነሣህ እቀየምሃለሁም ብላኛለች።

ሁለተኛ፤ ይህን የማያደርግ አንድ ሰው ነበረን። የእህቴ የታይማኔ ባል ፔኒያሚና ዲያቆን ስለነበረ፣ ፎርሙ ላይ «የብድሩ ምክንያት» በሚለው ቦታ «የካካዎ ማድረቂያ ቤት፣ አራት ሺህ ታላ» ብሎ ጻፈ። ጎረቤቶቹ፣ አንተ ሰው፣ አንዲት አክስት ብትገድል ምን ይልሃል እያሉ ለመኑት፤ ሳቀባቸው እንጂ አልሰማቸውም። ባንኩም እጅግ በሚያምር ደብዳቤ ከለከለው። ስሙ ያለ ስሕተት ስለተጻፈለት ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ማድረቂያ የሌለው ሰው ፍሬውን ምንጣፍ ላይ ያሰጣል፣ ዝናብ ሲመጣም ሮጦ ሸራ ይጎትትበታል። ባለፈው የካቲት ስልሳ አራት ዓመቱ የነበረው ፔኒያሚና በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ሮጠ። በአምስተኛው ሸራውን እንደጨበጠ ወደቀ። ታይማኔ አዳልጦት የወደቀ መስሏት መጀመሪያ ፍሬውን ሸፈነች። ይህን ደጋግማ ትነግረኛለች።

በማግስቱ ነርሷ ልጃቸው ደመወዟን አስይዛ ለቀብሩ ዘጠኝ ሺህ ታላ ተበደረች። ጠዋት ገብታ ከምሳ በፊት ገንዘቡን ይዛ ወጣች፤ ከፍላ የምትጨርሰው ግን በአራት ዓመት ነው። በቀብሩ ላይ የመጣውን ስጦታ ጮክ ብሎ የማሳወቅ ተራ የእኔ ነበረ። አሳማውን፣ የቆርቆሮ ዓሣውን ካርቶን፣ ዓመት ሙሉ የተሠሩትን ምንጣፎች፣ እያንዳንዱን ከሰጪው ስም ጋር ጠራሁ። የሰጠ ሰው ስሙ ሳይጠራ ቢቀር ትልቅ ነውር ነውና፣ የባንኩን ስም ባለመጥራቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። 

አራተኛው አጭር ነው። ካካዎው ዘንድሮም ደርሷል፤ ዝናቡም አልሄደም። ታይማኔ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ፎርም ሞልታ፣ ያንኑ ማድረቂያ ቤት ጽፋ ባንክ ሄደች። ጸሐፊዋ የመንደራችን ልጅ ናት፣ ልቧም ደግ ነው። ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ለእርሻ እኮ አይሰጡም። ለቀብር ካሉኝ ግን በወንድምዎ ጡረታ ዋስትና ገንዘቡ ይወጣል፤ እኔው እጽፍልዎታለሁ» አለቻት። ታይማኔ ወደ ቤት እንደተመለሰች፣ ወሬው የደረሳት አክስቴም ምርኩዟን ይዛ መጣችባትና፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔን ጻፊኝ። እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ» አለቻት።

ታይማኔ ሳቀች። ከየካቲት ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ፎርሙን አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችውና፣ «አንድ ጊዜ በእውነት ቀብሬያለሁ፤ በውሸት አልደግመውም» አለች። አሁን ይህን ስጽፍልዎ ግቢው ውስጥ ናት። ሸራው አጠገቧ ነው፤ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው። እህቴ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ክቡርነትዎ። እስካሁን ዛሬ ሁለት ጊዜ ሮጣለች።

የከበረ ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ምንጣፌ ላይ እግሬን አጣጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ መጪውን እትም በጉጉት የምጠባበቅ ታማኝ አንባቢዎ፣

ኮሎኔ
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር

ሳልረሳው፦ ገጽ አራት ላይ ካለው የግል ብድር ዓምድ ዘጠኝ ሺህ ታላ ቀንሰው ወደ እርሻው ዓምድ ቢያሻግሩልን ውለታዎ አይረሳም። ፔኒያሚና የጠየቀው ለእርሻ ነበር። ባንኩም፣ ትንሽ ቢዘገይም፣ ከጠየቀው እጥፍ በላይ ሰጥቶታል።